ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ኢትዮጵያዊ የሕፃናት መጽሐፍ ደራሲ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ተባባሪ መሥራች ናቸው። ስማቸው በብዛት የሚነሳው በሁለት ሥራቸው ነው። አንደኛው «ሲሊ ማሞ» የተባለው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሐዋሳ ከተማ በአህያ የሚጎተተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ዮሐንስ የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። አገሩ የከብት አገር ነው፤ አባታቸውም የከብት ነጋዴ ነበሩ። አባትየው ራሳቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ልጃቸው ግን እንዲማር አጥብቀው ይፈልጉ ስለነበር ትምህርት ቤት ላኩት።

ትምህርት ቤት መግባት ማለት ግን መጽሐፍ ማግኘት ማለት አልነበረም። በዚያ ዘመን በአንድ የአውራጃ ከተማ ያለ ተማሪ እጅ የሚገባው መጽሐፍ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ለሁለት ለሦስት የሚደርስ። ዮሐንስ ከትምህርት ውጭ የሆነ፣ ለመነበብ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት 19 ዓመት ሲሞላቸው ነው። መጽሐፉ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር፤ እሱንም ተውሰውት ነው። ከዚያ በኋላ የንባብ ፍቅር እንዳደረባቸው ዮሐንስ በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። ዕድሜውን ልብ ማለት ይገባል። የሕፃናት መጽሐፍ ደራሲ የሆኑት ሰው ሕፃን ሳሉ አንድም የሕፃናት መጽሐፍ አላነበቡም።

ተረት ግን አልጠፋም። በኢትዮጵያ ማታ እሳት ዳር፣ ቡና ሲፈላ ወይም ከብት ሲጠበቅ ተረት የማይሰማ ልጅ ጥቂት ነው፤ «ተረት ተረት» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስም ያውቃል። የጎደለው ተረት ሳይሆን ተረቱን በሥዕልና በፊደል አድርጎ የልጅ እጅ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ለልጆች የሚታተም

ይህን ጉድለት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ልጁ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ከነሰባት ቤቱ ቆጥሮ፣ አቡጊዳውን ወጥቶ ሲጨርስ የሚቀርብለት ንባብ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ዳዊት ነበር። ለንባብ ልምምድ ጠንካራ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን በግዕዝ ነው፣ ለልጅ ተብሎም የተጻፈ አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ቦታውን የያዘው የአማርኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሆነ። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን የመሳሰሉ ሥራዎችን ለተማሪዎች አቅርበዋል፤ ብዙ ትውልድም በቃሉ ይዟቸው አድጓል። በደርግ ዘመን ደግሞ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሕፃናት መጻሕፍት ያትም ነበር። በዚያው ዘመን ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው የሚመጡ ባለ ቀለም የልጆች መጻሕፍት በርካሽ ይሸጡ ስለነበር፣ አንዳንዱ የከተማ ልጅ ከአገሩ ቀበሮ ይልቅ የሩሲያን ድብ በሥዕል ቀድሞ አየ።

ለብዙኃኑ ልጅ ግን የተረት ምንጭ የነበረው መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ሰው ነበር። ተስፋዬ ሳህሉ ወይም አባባ ተስፋዬ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ የልጆችን ፕሮግራም አቅርበዋል። ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ እሳቸውን ያላየ የከተማ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይሁንና የቴሌቪዥን ተረት ሰዓቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ ማየት፣ ጣትን ከፊደሉ ሥር አድርጎ መከተል፣ ለታናሽ ወንድም መልሶ ማንበብ አይቻልም።

ስደትና የቤተ መጻሕፍት ሥራ

የ1966 ዓ.ም.ን አብዮት ተከትሎ በመጣው የፖለቲካ ግጭትና በቀይ ሽብር ዘመን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች አገር ጥለው ወጥተዋል። ዮሐንስም ከተሰደዱት አንዱ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1980 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥቶ ስለነበር ለኢትዮጵያውያን በር የተከፈተበት ጊዜ ነበር፤ ዮሐንስም በ1981 በፖለቲካ ስደተኝነት ዩናይትድ ስቴትስ ገቡ። እየሠሩ ተማሩ፤ በመጨረሻም በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቀው በካሊፎርኒያ በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ።

የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ በኢትዮጵያ ብዙም የማይታወቅ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ሳይሻል አይቀርም። ሥራው መጽሐፍ መቁጠርና መመለሱን መመዝገብ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ለልጆች ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ ይመርጣል፣ በየዓመቱ በሚመደበው በጀትም አዳዲስ መጻሕፍት ይገዛል። ሳን ፍራንሲስኮ የብዙ ስደተኞች ከተማ በመሆኗ የቤቱ ግዢ በእንግሊዝኛ ብቻ አይወሰንም።

የዮሐንስን ሕይወት የቀየረው ነገር የደረሰው በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በተለያዩ የውጭ ቋንቋዎች የተጻፉ የሕፃናት መጻሕፍት እንዲያዝዙ ኃላፊነት ተሰጣቸው። የስፓኒሹና የቻይንኛው ዝርዝር ረጅም ነው። አማርኛን ፈለጉ፤ ሊታዘዝ የሚችል አንድም የሕፃናት መጽሐፍ አላገኙም። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው፣ የራሱ ፊደልና የብዙ መቶ ዓመታት ጽሑፍ ያለው ቋንቋ በሕፃናት መደርደሪያ ላይ ቦታ አልነበረውም።

በዚያው መደርደሪያ ላይ አንድ የስፔን ልጅ ሊያገኝ የሚችለውን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ለምሳሌ የማድሪዷ ግሎሪያ ፉዌርቴስ (1917–1998) ለልጆች በርካታ የግጥምና የተረት መጻሕፍት ያሳተመች፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስፔን ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራሞች ላይ የታወቀች ደራሲ ናት። የሚገርመው እሷም የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ የሠራች መሆኗ ነው፤ ወደ ትናንሽ መንደሮች የሚዞር የሕፃናት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም አደራጅታ ነበር። የአባባ ተስፋዬንና የዮሐንስን ሥራ አንድ ላይ እንደመያዝ ነው። ልዩነቱ ከኋላዋ የነበረው ነገር ላይ ነው። አሳታሚው፣ መጽሐፍ ሻጩና የመንግሥት ቤተ መጻሕፍቱ በስፔን ነበሩ፤ ዮሐንስ ግን መጽሐፉን መጻፍ፣ ማሳተምና የሚቀመጥበትን ቤት ማዘጋጀት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ነበረባቸው።

«ሲሊ ማሞ»

ዮሐንስ የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ ራሳቸው ለማዘጋጀት ተነሡ። የመረጡትም አዲስ ፈጠራ ሳይሆን ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ማሞ ቂሎን ነው። ሥዕሎቹን የሣለው ሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ነው። መጽሐፉ በአንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛውን አብሮ የያዘ፣ ባለ ሙሉ ቀለም ነው፤ በዚህ መልክ ከታተሙት የኢትዮጵያ የልጆች መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደሆነም ይነገራል።

የተረቱ አካሄድ ቀላል ነው። ማሞ እናቱ የምትመክረውን ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ችግሩ የሚፈጽመው አንድ ቀን ዘግይቶ መሆኑ ነው። ትናንት ላገኘው ነገር የተሰጠውን ምክር ዛሬ በእጁ ለገባው ሌላ ነገር ያውለዋል፣ ያም ይበላሽበታል፣ እናቱም ሌላ ምክር ትሰጠዋለች፤ ነገ ደግሞ እሱን በማይሆን ቦታ ይጠቀምበታል። ልጆች የሚስቁት ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ከማሞ ቀድመው ስለሚያውቁ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ተረት ማንበብ ለሚጀምር ልጅ በጣም ይመቻል፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሮቹ በትንሽ ለውጥ ይደጋገማሉ፣ ልጁም ያልቆጠረውን ቃል ከታሪኩ ተነሥቶ ሊገምት ይችላል።

ማሞ በዓለም ብቻውን አይደለም። የተረት ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት በአርኔ፣ ቶምፕሰንና ኡተር መዝገብ ውስጥ ይህ ዓይነት ተረት ቁጥር 1696 ተሰጥቶታል። ጆሴፍ ጃኮብስ በ1890 ባሳተመው የእንግሊዝ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ያለው ሰነፉ ጃክ የማሞ ዘመድ ነው፤ በስፓኒሽ ተናጋሪዋ ፖርቶ ሪኮም ሁዋን ቦቦ የሚባል እንዲሁ ያለ ሞኝ ልጅ አለ። ሁዋን ቦቦም ሆነ ጃክ በየአገራቸው ቋንቋ ብዙ ጊዜ ታትመዋል። ማሞ ግን በአፍ ሲዘዋወር ኖሮ በመደርደሪያ ላይ ከእነሱ ጎን ለመቆም እስከ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

የሁለት ቋንቋ አሠራሩ ሁለት ዓይነት አንባቢን ያሰበ ነው። አንደኛው በውጭ አገር የተወለደና እንግሊዝኛ የሚቀናው የኢትዮጵያውያን ልጅ ሲሆን፣ መጽሐፉን ከእናቱ ጋር ተቀምጦ አማርኛውን ይከተልበታል። ሁለተኛው አገር ቤት ያለውና አማርኛውን አንብቦ ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገረው ተማሪ ነው። ከኅትመት አንጻር አማርኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፉ ገጹን ማቀናበር ከዓረብኛ ጋር እንደሚሆነው አያስቸግርም። የፊደሉ ነገር ግን በጊዜው ቀላል አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር።

ከመጽሐፉ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ በኢትዮጵያ ለታቀደው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሥራ መነሻ ሆኗል።

የድርጅቱ መቋቋም

በ1998 ዮሐንስ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር የኢትዮጵያ ሕፃናት መጻሕፍትና ትምህርት ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ድርጅቱ በኋላ ኢትዮጵያ ሪድስ በሚለው አጭር ስም ታወቀ። ከመሥራቾቹ መካከል የምትጠቀሰው አሜሪካዊቷ የሕፃናት መጽሐፍ ደራሲ ጄን ኩርትዝ ናት። ጄን በ1952 ኦሪገን ውስጥ ብትወለድም የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ወላጆቿ ለሚስዮን ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ይዘዋት ስለመጡ ያደገችው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በማጂ ነው። በ1994 ያሳተመችው «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» በብርድ ሌሊት ተራራ ላይ ያለ ልብስ አድሮ በሩቅ የሚታይ እሳትን እያየ የተጽናናውን ሰው የሚተርከውን የታወቀ ኢትዮጵያዊ ተረት ለአሜሪካ ልጆች ያቀረበችበት ነው። ከወንድሟ ከክሪስቶፈር ጋር የጻፈችው «ኦንሊ ኤ ፒጅን» (1997) ደግሞ በአዲስ አበባ ርግብ ስለሚያረባ ልጅ ይተርካል።

የሁለቱ መገናኘት ለሥራው የጠቀመው እርስ በርስ ስለሚሟሉ ነው። ጄን የአሜሪካንን አሳታሚዎች፣ ትምህርት ቤቶችና መጽሐፍ ወዳዶች ታውቃለች። ዮሐንስ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚመራና መጽሐፍ አጥቶ ማደግ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ድርጅቱ ገንዘቡን ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች፣ ከግለሰቦችና ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ ካሳደጉ ቤተሰቦች ሲያሰባስብ ቆይቷል።

የሾላው ቤተ መጻሕፍት

በ2002 ዮሐንስ የሳን ፍራንሲስኮውን ሥራቸውን ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ20 ዓመት በላይ በስደት የኖረ ሰው ቋሚ ደመወዙን ትቶ መመለሱ ራሱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ይዘው የመጡትም ሻንጣ ብቻ አልነበረም፤ ይሠሩበት ከነበረው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በስጦታ የተገኙ 15,000 መጻሕፍት አብረዋቸው ነበሩ።

በሚያዝያ 2003 (1995 ዓ.ም.) በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ ይኖሩበት የነበረውን ቤት ምድር ቤት ለልጆች ከፈቱት። የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የተባለው ይህ ነው። ቤቱ ለልጆቹ ቁጥር ስላልበቃ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ እንደ ንባብ አዳራሽ አገልግሏል። መግባት በነፃ ነው። ለሠፈሩ ልጆች ነገሩ አዲስ ነበር፤ መጽሐፍ ማለት የሚጠየቁበት፣ የሚፈተኑበት፣ ቢቀደድ የሚቀጡበት ነገር ሆኖ ለኖረ ልጅ የወደደውን መርጦ አንሥቶ፣ ካላማረው መልሶ ሌላ ማንሣት ይችላል መባሉ ራሱ ትምህርት ነው።

አንድ ግልጽ ተቃርኖ እዚህ ላይ አለ። ሥራው የተጀመረው የአማርኛ መጽሐፍ በመጥፋቱ ሆኖ ሳለ መደርደሪያውን የሞሉት ከአሜሪካ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። በስጦታ መጻሕፍት ላይ በአፍሪካ ሁሉ የሚነሳ ክርክር ነው። ተቺዎች ስለ በረዶና ስለ ሃሎዊን የሚተርክ መጽሐፍ ለአፍሪካ ልጅ ሩቅ ነው፣ በነፃ የሚመጣው መጽሐፍም የአገር ውስጥ አሳታሚን ገበያ ያጠፋል ይላሉ። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ከልጅነቱ እንግሊዝኛ ያላነበበ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ይከብደዋል። ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ቋንቋው ባይገባም የሚታይ ነገር አለው። ኢትዮጵያ ሪድስ የተከተለው መንገድ ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን እየተቀበለ፣ አገር ውስጥ ደግሞ በራሱ ስም መጻሕፍት ማሳተም።

በኅትመቱም አማርኛ ብቻ አልበቃም። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየክልሉ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ ዮሐንስ በተወለዱባት ነገሌ ዛሬ ፊደል የሚቆጥር ልጅ የሚማረው በአፋን ኦሮሞና በቁቤ ነው። በዚህ ምክንያት ድርጅቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የተጣመሩ የልጆች መጻሕፍት አዘጋጅቷል።

የአህያ ቤተ መጻሕፍት

ልጆች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መምጣት ካልቻሉ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ልጆቹ ይሂድ የሚለው ሐሳብ በሐዋሳ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው። በከተማዋ ከተከፈተው የንባብ ማዕከል ጋር ተያይዞ፣ ጎኑ የመጽሐፍ መደርደሪያ የሆነ ጋሪ ተሠርቶ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆች መንደር መሄድ ጀመረ። ጋሪው ጥላ ያለበት ቦታ ይቆማል፣ መደርደሪያው ይከፈታል፣ ልጆቹም ዙሪያውን ተቀምጠው ያነባሉ ወይም ይነበብላቸዋል።

የውጭ ጋዜጠኞችን የሳበው የአህያዋ ነገር ነው። ለአካባቢው ሰው ግን አህያ ምንም የሚያስገርም ነገር የላትም። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ከመልካሳና ከአዳማ ጀምሮ እስከ ሐዋሳ ድረስ ውኃውን በጀሪካን፣ እህሉን በኩንታል፣ ሲሚንቶና አሸዋውን ከቦታ ቦታ የምታደርሰው የአህያ ጋሪ ናት። ነዳጅ አትጠይቅም፣ መለዋወጫ አትፈልግም፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ትገባለች። የሐሳቡ ብልህነት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ከውጭ ተሽከርካሪ ከማስመጣት ይልቅ ሠፈሩ በየቀኑ የሚጠቀምበትን ማጓጓዣ ወስዶ ጭነቱን ብቻ መለወጥ።

ተመሳሳይ ሥራ በሌላ አገርም አለ። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቅ በጋሪሳ ለአርብቶ አደር ልጆች መጽሐፍ በግመል ያደርሳል። በኮሎምቢያ ደግሞ ሉዊስ ሶሪያኖ የተባለ መምህር አልፋና ቤቶ ብሎ በሰየማቸው ሁለት አህዮች መጽሐፍ ጭኖ በገጠር ይዞር ነበር፤ የሁለቱ ስም ሲገጣጠም በስፓኒሽ «ፊደል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሶሪያኖም ከሁለት ዓመት በኋላ በ2010 በሲ.ኤን.ኤን. የጀግኖች ዝግጅት ላይ ቀርቧል።

የመጽሐፍ ሳምንትና የወርቅ ኩራዝ

ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን የኢትዮጵያ ሕፃናት መጽሐፍ ሳምንት የሚባል በዓል ጀምረዋል። በዚህ ሳምንት ልጆች ያነባሉ፣ ተረት ይሰማሉ፣ ደራሲዎችንም በአካል ያያሉ። ከሳምንቱ ጋር ተያይዞ ለሕፃናት ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠው ሽልማት የወርቅ ኩራዝ ተብሏል።

የሽልማቱ ስም ለዛሬ የከተማ ልጅ ማብራሪያ ሊፈልግ ይችላል። ኩራዝ ከቆርቆሮ የሚሠራ፣ ክር ያለው፣ በላምባ የሚበራ ትንሽ መብራት ነው። መብራት ባልገባበት አገር ሁሉ ተማሪ ያጠናው በኩራዝ ነው፤ ጭሱ አፍንጫ እያጠቆረ፣ ላምባው አለቀ እየተባለ። ለንባብ ሽልማት ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ይከብዳል።

ሽልማቱ ከስሙ ባሻገር ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ የሕፃናት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ደራሲ አይቆጠርም፤ ወፍራም ልብ ወለድ ያወጣው ይከበራል፣ የ24 ገጽ መጽሐፍ ያወጣው «የልጆች ነገር ነው» ይባላል። ባለ ቀለም ኅትመት ከጥቁርና ነጭ ይልቅ ስለሚወደድ አሳታሚም ይሸሸዋል፣ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ሥዕሉ ይቀነሳል፣ ሥዕሉ ሲቀነስ ደግሞ ልጁ አያነሣውም።

የ2008ቱ ምርጫ

ሲ.ኤን.ኤን. በየዓመቱ በተመልካች ጥቆማ መነሻነት ለማኅበረሰባቸው የለፉ ተራ ሰዎችን ይመርጣል። በ2008 ዮሐንስ ከአሥሩ አንዱ ሆነው በሎስ አንጀለስ በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ላይ ተሸለሙ። አሥሩም እያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ያገኙ ሲሆን፣ የዓመቱ ዋና ጀግና ተብላ 100,000 ዶላር የተጨመረላት በኒው ኦርሊንስ አካባቢ በአውሎ ነፋስ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ቤት የምትሠራው ሊዝ ማካርትኒ ነበረች። ገንዘቡ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ብዙ ላይሆን ይችላል። ስሙ ግን ሠራ፤ በብዙ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ስለ ሾላውና ስለ ሐዋሳው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከዚህ በኋላ ነው።

ምርጫው የመጣው ኢትዮጵያ በዓለም ዜና የምትነሳው በድርቅና በረሃብ በነበረበት ዘመን ነው። የዮሐንስ ዜና ከዚህ የተለየ ነበር። የኢትዮጵያ ልጅ መጽሐፍ ይፈልጋል የሚል ዜና ከዚያ በፊት በዓለም አቀፍ ጣቢያ ሲነገር እምብዛም አልተሰማም።

ከዚያ ወዲህ

ኢትዮጵያ ሪድስ በአዲስ አበባና በክልሎች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እያቋቋመ ሥራውን ቀጥሏል። በትምህርት ቤት ውስጥ መቋቋሙ ቤት ከመከራየት ያድናል፣ ልጆቹም እዚያው አሉ። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከምረቃው በኋላ ነው። በደንብ የሚነበብ የልጆች መጽሐፍ በልጆች እጅ በፍጥነት ያልቃል፤ ቶሎ የሚያረጀው ደግሞ በብዛት የሚወደደው ነው። የሚተካ ካልመጣ መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ማንም ያልነካው መጽሐፍ ነው። ቁልፉን የሚይዘው ሰውም ወሳኝ ነው። መጽሐፍ ይጠፋብኛል ብሎ የሚፈራ ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ ለልጆች ማንበብ የሚወድ ግን በአንድ መቶ መጽሐፍም ብዙ ይሠራል። ዮሐንስ ራሳቸው በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሙያ ሠልጥነው የመጡ በመሆናቸው ሥራው ባለሙያ ማሠልጠንን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ ይዟል።

ዮሐንስ ከጊዜ በኋላ ከኢትዮጵያ ሪድስ ወጥተዋል፤ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ላይ የሚሠሩትን ሥራ ግን አላቋረጡም።

የሁለት ቋንቋ መጽሐፉ መንገድ በሌሎችም ተይዟል። ጄን ኩርትዝና እህቷ ካሮላይን የሚሳተፉበት፣ ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ በተባለ ድርጅት ሥር ያለው «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» ፕሮጀክት ከመቶ በላይ ትናንሽ የልጆች መጻሕፍት አዘጋጅቷል። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛና በአንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ፣ ማለትም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም የታተሙ ናቸው። አሠራራቸው አጭር ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሥዕልና አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። በፍላጎት ልክ በጥቂት ቅጂ ማተም የሚያስችለው ዲጂታል ኅትመት ስለተስፋፋ፣ ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ ፈልገው ያጡትን ዓይነት የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ዛሬ አንድ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ማዘዝ ይችላል። ከመልካሳ ወይም ከነገሌ ሆኖ ማዘዝ ግን የውጭ ምንዛሪ ክፍያና የፖስታ ወጪ ስላለበት አሁንም አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም በአገር ውስጥ መጽሐፉ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእርዳታ ሰጪዎች በኩል፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው።